ለትንንሽ ሞተሮች የሚስማማ ነዳጅ ስለ መምረጥ

በሠፈራችን በመሪ መብራት ሲጠፋ ወዲያው የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። ወደ የካና ወደ እንጦጦ ኮረብታዎች የወጣ ሰው ደግሞ ባሕር ዛፍ የሚቆርጠውን የሞተር መጋዝ ይሰማል። ሁለቱም በቤንዚን ስለሚሠሩ ብዙ ሰው የአንዱ ነዳጅ ለሌላው የሚሆን ይመስለዋል። ለእኔም እንደዚሁ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት አጎቴ ለመጋዙ የሚሆን ነዳጅ እንዳመጣለት አዘዘኝ። እኔም ከጄኔሬተራችን ጀሪካን ቀድቼ ሰጠሁት። እርሱም የተቀላቀለው መስሎት ሞላው። መጋዙ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ጮኾ ቆመ፤ ሲፈታም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ተገኘ። አጎቴ የሚተዳደረው በዚያው መጋዝ ስለ ሆነ ብዙ ቀን ያለ ሥራ ተቀመጠ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ነገር ግን ዝምታው ከቁጣ ይልቅ ከበደኝ። ስለዚህ ምክንያቱን እየጠየቅሁና እያነበብሁ የተማርሁትን እነሆ ጽፌዋለሁ።

አንደኛ፤ ሞተሩ ባለ ስንት ምት እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። አብዛኞቹ የቤት ጄኔሬተሮች ባለ አራት ምት ናቸው። ዘይታቸው ከሞተሩ ሥር ለብቻው ስለሚቀመጥ፥ የሚሞላላቸው ንጹሕ ቤንዚን ብቻ ነው። የሞተር መጋዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ነው። በሁሉም አቅጣጫ እያዘነበሉ ስለሚሠሩበት፥ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ነው። ለሰንሰለቱ የሚሞላው ዘይት ለሰንሰለቱ እንጂ ለፒስተኑ አይደርስም። ለብዙዎቹ የዛሬ መጋዞች የታዘዘው ልክ 50 ለ 1 ነው፤ ይኸውም ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፥ ለ5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ማለት ነው። 25 ለ 1 የሚሹም ስላሉ መመሪያውን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ በቤንዚን ሞተር ናፍጣ ወይም ላምባ መጨመር አይገባም። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያነደው አየሩን በኃይል ጨምቆ በማጋል ነው፤ የቤንዚን ሞተር ግን በካንዴላ ብልጭታ ነው። ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን ሞተሩን ያንኳኳዋል፥ ያጨሰዋልም።

ሦስተኛ፤ ሞተር ኃይል ባነሰው ቍጥር ነዳጁን መውቀስ ስሕተት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት፤ የእንጦጦ ራስም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ፥ በቆላ ብርቱ የነበረው ሞተር በእኛ ዘንድ ይደክማል።

አራተኛ፤ ቤንዚን ሲቆይ ይበላሻል። አገራችን እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት የሚወጣ ኤታኖል 5 በመቶ፥ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምራ ነበር። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ውሃ ይስባል፤ ውሃውም ሲበዛ ከኤታኖሉ ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል፥ ካርቡራተሩንም ያዝጋል። ስለዚህ በአንድ ወር የሚያልቀውን ያህል ብቻ ገዝቶ፥ በደንብ በተከደነ ንጹሕ ጀሪካን ማስቀመጥ ይበጃል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። የጋለ ሞተር ሳይበርድ ነዳጅ አይጨመርም። ጄኔሬተርም በቤት ውስጥ ወይም በመስኮት አጠገብ አይነሣም፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል።

ዛሬ በቤታችን ሁለት ጀሪካኖች አሉ። በአንዱ ላይ «ለጄኔሬተር»፥ በሌላው ላይ «ለመጋዝ፤ ዘይት ያለበት» ብዬ በቀይ ቀለም ጽፌአለሁ። እናንተም፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ጀሪካን ከማንሣታችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ። እኔ ያን አንድ ጥያቄ ባለ መጠየቄ አጎቴ እንጀራውን አጥቶ ሰንብቷል።