ርካሽ ኬራቲን ልሠራ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ቆቦ ነው። ሰርጌ ደርሷል። አንድ ጸጉር ቤት በርካሽ ኬራቲን እንሥራልሽ አሉኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ፣ እህቴ! ከዋጋው በፊት ጠርሙሱን አሳዩኝ በያቸው። «ፎርማልዲሃይድ» ወይም «ሜቲሊን ግላይኮል» የሚል ካለበት፣ ወይም ጽሑፉ ተልጦ ከሆነ፣ ይቅርብሽ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 እ.ኤ.አ. ፎርማልዲሃይድን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የጋለ ፒያስትራ ሲነካው ጋዝ ሆኖ ይወጣል፤ ዓይን ያስለቅሳል፣ ጉሮሮ ያቃጥላል። ቀኑን ሙሉ ለምትተነፍሰው ሠራተኛማ ይብሳል። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ጨርሶ አትሞክሪው።

በኬራቲን ፋንታ ታጥቦ በካስክ ደርቆ በፒያስትራ የተሳበ ጸጉር ርካሽ ነው፤ ግን በቆቦ ሙቀት ሲያልብሽ ቶሎ ይከረደዳል። እኔ የምመርጥልሽ ሹሩባ ነው፤ ላብ አያበላሸውም፣ ለሙሽራም ያምራል። ብቻ ግንባርሽ ላይ እስኪያምሽ አታስጠብቂው፤ ጸጉር ከሥሩ ይነቀላል።