የዞን ውክልና ወይስ ኮንዲሽናል ፎርዋርዲንግ? የዊንዶውስ ሰርቨር አስተዳዳሪ ምርጫ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2009 ምሽት ከሜርስታ ወደ ስቶክሆልም የሚሄደውን ባቡር ሰዓት በኢንተርኔት ለማየት የሞከረ ሰው ገጹን ሊያጣው ይችል ነበር። ጥፋቱ ግን የባቡሩም የገጹ ሰርቨርም አልነበረም። የስዊድን መለያ የሆነውን “ነጥብ ኤስኢ” የሚያስተዳድረው ተቋም በጥገና ላይ ሳለ የተሳሳተ የዞን ፋይል አሰራጭቶ ነበር፤ ፋይሉን ያዘጋጀው ፕሮግራም ከስሞቹ መጨረሻ መኖር የሚገባትን አንዲት ነጥብ ሳይጨምር ቀርቷል። ያቺ ነጥብ “ስሙ እዚህ አበቃ” የምትል ምልክት ናት። እርሷ ስትጎድል ሰርቨሩ የዞኑን ስም ከኋላ ይቀጥላል፤ “ነጥብ ኤስኢ” የሚለውም ሁለት ጊዜ ይደገማል። ወደ 900,000 የሚደርሱ የስዊድን ስሞች በዚህ ምክንያት መንገዳቸው ጠፋ። ፋይሉ በአንድ ሰዓት ገደማ ቢታረምም፣ የተሳሳተውን መልስ በጊዜያዊ ማኅደራቸው ያስቀመጡ ሰርቨሮች ለብዙ ሰዓታት እርሱኑ ይመልሱ ነበር።

በዚያ ምሽት የተበጠሰው የዲኤንኤስ የውክልና ሰንሰለት ነው። ዲኤንኤስ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይር የዓለም መዝገብ ሲሆን፣ መዝገቡን ሁሉ የያዘ አንድ ሰርቨር ግን የለም። ከላይ ያለው ሥር ለስዊድን እ.ኤ.አ. በ1986፣ ለኢትዮጵያ “ነጥብ ኢቲ” ደግሞ በ1995 ውክልና ሰጥቷል። እነርሱም በበታቻቸው ላሉት ድርጅቶች ይወክላሉ፤ ድርጅቱም ለቅርንጫፉ።

በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ውክልና ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። በአገር ቤት ያለውን ቤት ለማከራየት ወይም ለመሸጥ ለወንድም ወይም ለዘመድ ውክልና ይላካል። ውክልና የሚሰጠው ግን በራስ ንብረት ላይ ነው፤ በጎረቤት ቤት ላይ ማንም ውክልና ሊሰጥ አይችልም። የዊንዶውስ ሰርቨር አስተዳዳሪም በሁለቱ መንገዶች መካከል ሲመርጥ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፦ የሚፈለገው ስም የሚገኘው በማን ዛፍ ሥር ነው?

ለምሳሌ ዋና መሥሪያ ቤቱ በስቶክሆልም የሆነ አንድ የዕቃ አመላላሽ ድርጅት በአርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በምትገኘው ሜርስታ ቅርንጫፍ ከፈተ እንበል። ቅርንጫፉ የራሱ የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ዶሜይን አለው፤ ስሙም በዋናው ስም ፊት “ሜርስታ” የሚል የተጨመረበት ነው። ዛፉ የድርጅቱ ስለሆነ ትክክለኛው መንገድ ውክልና ነው። በስቶክሆልም ዞን ውስጥ የቅርንጫፉን ሰርቨር የሚጠቁም የኤንኤስ መዝገብ ይጻፋል፤ የሰርቨሩ አይፒ አድራሻም አብሮ ይቀመጣል። አድራሻው ካልተቀመጠ፣ የሰርቨሩ ስም ራሱ በሜርስታ ዞን ውስጥ በመሆኑ፣ ቁልፉ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት እንደ ቀረ ሰው መሆን ይመጣል።

ሁኔታው የሚለወጠው ድርጅቱ ፍጹም ሌላ ስም ካለው ኩባንያ ጋር ሲሠራ ወይም ሲዋሐድ ነው። በዚያ ስም ላይ ድርጅቱ ሥልጣን የለውም፤ የሌላው ኩባንያ ውስጣዊ ስምም ብዙውን ጊዜ በኢንተርኔት አይታይም። ኮንዲሽናል ፎርዋርዲንግ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፦ “በዚህ ስም የሚያልቅ ጥያቄ ከመጣ ወደዚህ አይፒ አድራሻ ላክ” የሚል ትእዛዝ ነው። በዊንዶውስ ሰርቨር 2003 የገባ ሲሆን፣ ከ2008 ጀምሮ ትእዛዙን በአክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ አስቀምጦ ለሌሎች ዶሜይን ኮንትሮለሮች ማባዛት ይቻላል።

ሁለቱ የሚጠይቁበት አነጋገርም ይለያያል። ውክልናን የሚከተል ሰርቨር “የምታውቀውን ንገረኝ፤ ቀሪውን ራሴ እፈልጋለሁ” ይላል። የሚያስተላልፈው ደግሞ “ፈልገህ የመጨረሻውን መልስ አምጣልኝ” ብሎ ሥራውን በሌላው ላይ ይጥላል። ስለዚህ በሰርቨሩ ላይ ሪከርሽን የተባለው አሠራር ከተዘጋ ማስተላለፍ አብሮ ይቆማል። ለደኅንነት ሲባል ሪከርሽን ዘግተው በማግስቱ የተቋረጠውን መስመር ምክንያት ሲፈልጉ የሚውሉ ባለሙያዎች ጥቂት አይደሉም።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ግን ሌላ ነው። የስቶክሆልሙ ሰርቨር የዋናው ዞን ባለቤት ነው፤ ውክልና ሳይጻፍ ስለ ሜርስታ ሲጠየቅ “እንዲህ ያለ ስም የለም” ብሎ በሙሉ ሥልጣን ይመልሳል፤ መልሱም በጠያቂዎቹ ማኅደር ለጊዜው ይቀመጣል። የማይክሮሶፍት የአሠራር ሰነድ እንደሚያስረዳው፣ አንድ ሰርቨር በራሱ ዞን ሥር ላለ ንዑስ ስም ጥያቄ ማስተላለፍ የሚችለው ያ ንዑስ ስም ቀድሞ ለሌላ ሰርቨር ከተወከለ ነው። ውጤቱ ቀላል አይደለም፤ ዶሜይን ኮንትሮለር የሚገኘው በዲኤንኤስ ስለሆነ ወደ ስቶክሆልም የሄደ የሜርስታ ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ መግባት ሊያቅተው ይችላል።

ውክልና የሚያወርደው ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው። ሜርስታ የስቶክሆልምን ስሞች እንድታገኝ ሰርቨሯ የማታውቀውን ጥያቄ ወደ ላይ እንዲያስተላልፍ ይደረጋል፤ ወደ ታች ውክልና፣ ወደ ላይ ማስተላለፍ። ከላይ ያለው ሰርቨር ግን መልሶ ወደ ታች እንዲያስተላልፍ ከታዘዘ ጥያቄው በሁለቱ መካከል ይንከራተታል።

ሁለቱም መንገዶች ከእርጅና አያመልጡም። የሜርስታው ሰርቨር አይፒ ሲቀየር የውክልናው መዝገብም የማስተላለፊያው ትእዛዝም በእጅ ካልታረሙ በስተቀር አሮጌውን አድራሻ ይዘው ይቀራሉ። ለዚህ ስተብ ዞን የተባለ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ የሌላውን ዞን የሰርቨሮች ዝርዝር በየጊዜው ራሱ ያድሳል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ሰርቨሮች ሁሉ በፋየርዎል በኩል መደረስ አለባቸው፤ ይህን የማይፈቅድ አጋር ካለ፣ በሁለት በታወቁ አድራሻዎች መካከል ብቻ መስመር የሚጠይቀው ኮንዲሽናል ፎርዋርዲንግ ይሻላል።

አስተዳዳሪው ሥራውን ሲጨርስ በኤንኤስሉክአፕ ትእዛዝ ስሙን ሁለት ጊዜ ይጠይቅ፤ አንድ ጊዜ የሜርስታውን ሰርቨር በቀጥታ፣ አንድ ጊዜ የስቶክሆልሙን። የመጀመሪያው መልሶ ሁለተኛው ዝም ካለ ወይም “የለም” ካለ፣ የሚፈተሸው የውክልናው መዝገብና በመካከል ያለው ፋየርዎል ነው። ከእርማቱ በኋላም የሰርቨሩና የኮምፒውተሮቹ ጊዜያዊ ማኅደር መጽዳት አለበት።