የባሕር ሙላትና ጉድለት በፖርትላንድ ጫፍ

ዕቃውን በባሕር የሚያስመጣ ወይም የሚልክ ነጋዴ፥ መርከብን የሚያዘገየው ማዕበልና ነፋስ ብቻ ይመስለዋል። በቀይ ባሕር መካከለኛ ክፍል የውሃው ሙላትና ጉድለት እምብዛም ስለማይታወቅ እንዲህ ማሰቡ አያስደንቅም። ነገር ግን ሰማዩ ጠርቶ፥ ነፋሱም ተስማምቶ ሳለ መርከበኛው መልሕቁን ጥሎ ሰዓት የሚጠብቅበት ስፍራ አለ። ከነዚህም አንዱ በእንግሊዝ አገር ደቡብ ጠረፍ ያለው የፖርትላንድ ጫፍ ነው።

ፖርትላንድ በጠጠር ዳርቻ ከየብስ ጋራ የተያያዘች፥ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕሩ የገባች የድንጋይ ደሴት ናት። በዚያ ባሕር ውሃው አንድ ጊዜ ወደ ምሥራቅ፥ አንድ ጊዜ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ ከአንዱ ሙላት እስከ ሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ዳሩ ግን በደሴቲቱ ግራና ቀኝ ውሃው እየዞረ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ደቡብ ይወርዳል። እነዚህ ጅረቶች ከጫፉ ፊት ከዋናው ጅረት ጋራ ይጋጫሉ፤ የባሕሩም ወለል በዚያው ስፍራ በድንገት ከፍ ስለሚል ውሃው እንደሚፈላ ድስት ይገለባበጣል። የአገሩ መርከበኞች ይህን «የፖርትላንድ ሬስ» ይሉታል። ነፋስ ከጅረቱ ጋራ ሲቃረን ከሁሉ የከፋ ይሆናል።

ጨረቃ ከተወለደች ወይም ከሞላች ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሙላቱ ይበረታል። ያን ጊዜ በጫፉ ዘንድ ጅረቱ እስከ 7 ኖት፥ ማለት በሰዓት እስከ 13 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በ5 ኖት የምትጓዝ ባለ ሸራ ጀልባ ይህን ፊት ለፊት ብትገጥም፥ ሸራዋ በነፋስ ተነፍቶ ሳለ በሰዓት 2 የባሕር ማይል ወደ ኋላ ትሄዳለች።

ታላላቅ መርከቦች ከጫፉ ርቀው ያልፋሉ። ትንንሾቹ ግን በሬሱና በዐለቱ መካከል ባለች ጠባብ መንገድ፥ አየሩ ጸጥ ባለ ጊዜ በቀን ማለፍ ይችላሉ። ለዚህም የሚያልፉበት ሰዓት ከዶቨር ወደብ ሙላት ተቈጥሮ ይታወቃል፤ ከዚያ ሒሳቡ ወደ ኋላ ይሠራል። መንገዱ 20 ማይል፥ ፍጥነቱ 5 ኖት ቢሆን፥ መነሻው ከተመደበው ሰዓት 4 ሰዓት ቀድሞ ነው። ወደ ደቡብ የሚወርደው ጅረት ወደ ሬሱ እንዳይወስዳቸውም፥ ጫፉ ሳይደርስ 2 ማይል ያህል ሲቀር ደሴቲቱን ይጠጋሉ። የዘገየ ሰው የሚቀጥለውን ሙላት ይጠብቃል እንጂ አይሞክርም።

ጅረቱን የናቀ ብቻ አይደለም የሚጐዳው። እ.ኤ.አ. የካቲት 5 ቀን 1805 የእንግሊዝ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ መርከብ «ኧርል ኦፍ አበርጋቬኒ» ወደ ቤንጋልና ቻይና ስትጓዝ፥ መንገድ መሪ ተሳፍሮባት ሳለ ነፋሱ ደከመባትና ጅረቱ ከጫፉ በስተ ምሥራቅ ባለው ሻምብልስ በተባለ የአሸዋ ደለል ላይ ጣላት። ከደለሉ ብትላቀቅም የብስ ሳትደርስ ሰጠመች፤ ካፒቴኑ ጆን ዎርድስወርዝና ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ።

ለነጋዴው የሚቀረው የኢንሹራንሱ ነገር ነው። በተለመደው የባሕር ጭነት ኢንሹራንስ ውል መርከቧ ብትሰጥም ዕቃው ይካሳል፤ በመዘግየት ብቻ ለደረሰ ጥፋት ግን ካሳ አይከፈልም። ስለዚህ የሚበላሽ ዕቃ በትንንሽ የጠረፍ መርከቦች ሲላክ፥ የመድረሻው ቀን በውሉ ሲጻፍ ቢያንስ የአንድ ሙላት ጊዜ ቢጨመርበት ይሻላል።