ሰፊ አገርን ለመጎብኘት ዕቅድ ስለ ማውጣት

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ በግርጌው የሚገኙትን ጥያቄዎች መልሱ።

ሰፊ አገርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጎበኝ የሚነሣ ሰው በቅድሚያ ሊገነዘበው የሚገባው ነገር ሁሉንም በአንድ ጉዞ ማየት እንደማይቻል ነው። ጊዜውም ገንዘቡም የተወሰኑ ናቸው። ስለዚህ የጉዞ ዕቅድ ማውጣት ማለት የሚታየውን መምረጥ ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም መወሰን ማለት ነው። ለዚህም ህንድን በምሳሌነት እንውሰድ።

የህንድ የቆዳ ስፋት 3.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ይህም የኢትዮጵያን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከኒው ዴልሂ ተነሥቶ በምዕራብ ጠረፍ ወደምትገኘው ወደ ሙምባይ ለመድረስ በባቡር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በደቡብ ምሥራቅ ወዳለችው ወደ ቼናይ ደግሞ 2,200 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በመሆኑም ሁለት ሳምንት ብቻ ያለው ተጓዥ ሰሜኑንም ደቡቡንም ላዳርስ ቢል፣ ከጊዜው ብዙውን የሚያሳልፈው በባቡር ውስጥ ይሆናል።

ከርቀት ቀጥሎ የሚታሰበው ወቅት ነው። በሚያዝያና በግንቦት የሰሜኑ ሜዳ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። የክረምቱ ዝናብ በግንቦት መጨረሻ ገደማ በደቡብ ምዕራብ በኩል ገብቶ በሐምሌ አገሩን ያዳርሳል። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ በሰሜን የሚወርደው ጉም ባቡሮችን ያዘገያል። እንግዲህ ሰሜኑንና ምዕራቡን ለመጎብኘት ጥቅምት፣ ኅዳርና የካቲት ይመረጣሉ።

ሦስተኛው የጉዞው ዓላማ ነው። ለምሳሌ አንድ ኢትዮጵያዊ ተጓዥ የታሪክ ቅርሶችን ለማየት ቢያስብ፣ ከኒው ዴልሂ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአግራ ታጅ ማሃልን፣ በአህመዳባድ የሐበሻ ተወላጅ የነበረው ሲዲ ሰዒድ በ1573 እ.ኤ.አ. ያሠራውን መስጊድ ሊመለከት ይችላል። ከዚያም በኢትዮጵያ ተወልዶ በባርነት የተሸጠውና በኋላ በህንድ የጦር መሪና አገር አስተዳዳሪ ለመሆን የበቃው ማሊክ አምባር የመሠረታትን ከተማ ይጎበኛል። ይህች ከተማ ለረጅም ዘመን አውራንጋባድ ስትባል ቆይታ በ2023 እ.ኤ.አ. ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሏል። እነዚህ ስፍራዎች በሰሜንና በምዕራብ የሚገኙ ስለሆኑ በአንድ መሥመር ሊያያዙ ይችላሉ። ደቡቡ ግን ለሌላ ጉዞ ይቆያል።

በመጨረሻም ዝርዝር ጉዳዮች ይታሰባሉ። ታጅ ማሃል ዓርብ ዓርብ ለጎብኚዎች ዝግ ነው። የሩቅ መንገድ ባቡር ትኬት ፈጥኖ ስለሚያልቅ አስቀድሞ መግዛት ያሻል። ባቡር ቢዘገይ ወይም ሕመም ቢያጋጥም የመመለሻው አውሮፕላን እንዳያመልጥ፣ ከመመለሻው ቀን በፊት አንድ ትርፍ ቀን መተው ተገቢ ነው። በዚህ ሁኔታ የተዘጋጀ ተጓዥ ከአገሩ ጥቂቱን ቢያይም ያየውን በሚገባ ያውቀዋል።

መልመጃ

1. ዕቅድ ማውጣት «የሚተወውንም መወሰን» ነው የተባለው ለምንድን ነው?
2. በሐምሌ ወር ህንድን ለመጎብኘት ያሰበን ሰው ምን ብላችሁ ትመክሩታላችሁ?
3. «ጠረፍ»፣ «ያዳርሳል»፣ «ያሻል» የሚሉትን ቃላት በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።
4. የኢትዮጵያን ካርታ ተመልክታችሁ የአሥር ቀን የጉዞ ዕቅድ አውጡ፤ የተዋችኋቸውን ስፍራዎችና የተዋችሁበትንም ምክንያት ግለጹ።