«አይሆንም» ማለትንም ተለማመጂ

ስሚኝማ እህቴ፤ ያንን ቪዲዮ ደጋግመሽ የምታዪው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ፒያኒስቱ ዩንቻን ሊም በፈረንጆቹ 2022 ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ላይ በተካሄደው የቫን ክላይበርን የፒያኖ ውድድር የራህማኒኖቭን ሦስተኛ ኮንቼርቶ ተጫውቶ ወርቁን ሲወስድ 18 ዓመቱ ነበር፤ በውድድሩ ታሪክ በዚያ ዕድሜ ያሸነፈ ሌላ ሰው የለም። አንቺ ደግሞ 20ን ልትደፍኚ ነው። «ረፈደብኝ እንዴ?» የሚለው ሐሳብ ሲመጣብሽ ፍጥነት ትጨምሪያለሽ፤ አጠገብሽ ቆሜ ኖታ የምገልጥልሽ እኔ ገጹ ላይ ሳልደርስ ጥለሽኝ ትሄጃለሽ። አልረፈደብሽም። ይልቅ ከዚያ ልጅ መውሰድ ያለብሽን ትተሽ የማይጠቅምሽን ይዘሻል።

ልጁ ፒያኖ የጀመረው በ7 ዓመቱ ነው። በ13 ዓመቱ ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ልዩ ተሰጥኦ ላላቸው ልጆች በተቋቋመ የኪነ ጥበብ ተቋም ገብቶ ከመምህሩ ከሶን ሚንሱ ጋር ተገናኘ። አሁን ልብ በዪ፦ ካሸነፈ በኋላ፣ አዳራሾች ሲሻሙበት፣ መምህሩ ቦስተን ወደሚገኘው ኒው ኢንግላንድ ኮንሰርቫቶሪ ሲዛወሩ ተከትሏቸው ሄዶ ተማሪነቱን ቀጠለ። አንቺም ሽልማት ባገኘሽ ማግስት «ከእንግዲህ እኔ ላስተምርሽ» የሚል ባለ ስም አይጠፋም። ማስተር ክላሱን ውሰጂ፣ አመስግኚ፣ ወደ መምህርሽ ተመለሺ። ግራ እጅሽ የት ላይ እንደሚሰንፍ፣ ፍርሃት ሲይዝሽ ፔዳል አብዝተሽ እንደምትሸሸጊ የሚያውቅ መምህር በአንድ ቀን አይገኝም።

ስለ ሽልማቱም በደንብ እናስብ። ለሊም የተሰጠው 100,000 ዶላር ብቻ አልነበረም፤ ለሦስት ዓመት ኮንሰርት የሚያመቻችለትና ሥራውን የሚያስተዳድርለትም ጭምር ነው። ከገንዘቡ ይልቅ ከባዱ ይኸኛው ነው። ትናንት ማንም የማያውቀው ልጅ ዛሬ በየከተማው ይጠራል፤ ጥቂት ዓመታት ሲያልፉ ግን ሌላ አሸናፊ ይመጣል። በ2025 ያው ውድድር ወርቁን ለሆንግ ኮንጉ አሪስቶ ሻም ሰጠ። ስለዚህ አንድ አዳራሽ ሲጠራሽ ብዙ አትፈንጥዢ፤ ያው አዳራሽ ዳግመኛ ሲጠራሽ ያኔ ደስ ይበልሽ። የመጀመሪያውን ጥሪ ሽልማቱ ያመጣዋል፤ ሁለተኛውን የሚያመጣው ያን ምሽት የተጫወትሽው ነው።

ውድድሩ በስሙ የተሰየመለትን ሰው ታሪክ ታውቂያለሽ። ቫን ክላይበርን በ1958፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል፣ ሞስኮ ሄዶ የመጀመሪያውን የቻይኮቭስኪ ውድድር ሲያሸንፍ 23 ዓመቱ ነበር። ኒው ዮርክ በአደባባይ ሰልፍ ተቀበለችው። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ መስማት የሚፈልገው ያሸነፈባቸውን፣ የቻይኮቭስኪን አንደኛና የራህማኒኖቭን ሦስተኛ ኮንቼርቶ ሆነ። እነሱኑ ሲደጋግም ዓመታት ነጎዱ፤ በ1978 መድረኩን ተወው፣ ለዘጠኝ ዓመት ያህልም አልተመለሰም። ማውሪሲዮ ፖሊኒን ደግሞ እዪ። በ1960 ዋርሶ ላይ የሾፓንን ውድድር ሲያሸንፍ እሱም ገና 18 ዓመቱ ነበር። ጥሪው ሲጎርፍለት ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ፒያኒስቱ ሚኬላንጄሊ ዘንድ ሄዶ ተማረ፣ የሚጫወታቸውንም ሥራዎች አበዛ። በ2024 በ82 ዓመቱ ሲሞት፣ ከትልልቆቹ መድረኮች ሳይጠፋ አርጅቶ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ሊያስፈርምሽ የሚፈልገው ወኪል የላከልሽን ወረቀት አምጪው። በአንድ የኮንሰርት ዘመን አምስት ኮንቼርቶ? ከኦርኬስትራው ጋር የሚሰጥሽ ልምምድ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ነው፤ የመጨረሻው የኮንሰርቱ ዕለት ሊሆን ይችላል። ቫዮሊን ተጫዋቿ የራሷን ቫዮሊን ይዛ ትዞራለች፤ አንቺን በየከተማው የሚጠብቅሽ የማታውቂው ፒያኖ ነው፦ የአንዱ ቁልፍ ይከብዳል፣ የሌላው ፔዳል እግርሽን አይሰማም። ይህን በአንድ ከሰዓት መልመድ የምትችዪው ኮንቼርቶው ከወራት በፊት ከደምሽ ከተዋሐደ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ኮንቼርቶና አንድ የብቻሽ ፕሮግራም ይበቃሻል። ከሁለቱ አንዱ የምታውቂው፣ አንዱ አዲስ ይሁን። አዲሱን በትንሽ ከተማ፣ በትንሽ አዳራሽ ጀምሪው፤ ትልቁ መድረክ ላይ ሙከራ የለም።

በእጅሽ ደግሞ ቀልድ አላውቅም። ሊም ራሱ፣ የሾፓንን ኤትዩዶች አልበም ባወጣበት በ2024፣ እጁን አሞት ኮንሰርቶች ሰርዟል። የፒያኒስቱ የሊዮን ፍላይሸር የባሰ ነው፦ በ1952 ብራስልስ ላይ የንግሥት ኤሊዛቤትን ውድድር ያሸነፈ ሰው፣ በ30ዎቹ ዕድሜው የቀኝ እጁ ጣቶች አልታዘዝ አሉት፤ ለ30 ዓመት ያህል ለግራ እጅ የተጻፉ ሥራዎችን በመጫወት፣ ኦርኬስትራ በመምራትና በማስተማር ኖረ። ድካምና ሕመም አንድ አይደሉም። ድካም በእረፍት ይለቃል፤ አድሮም ያልለቀቀሽ፣ የሚያቃጥልሽ ወይም ጣትሽን የሚያደነዝዝሽ ነገር ካለ የፒያኖውን ክዳን ዘግተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የሙዚቀኞችን እጅ ለይተው የሚያክሙ አሉ። በዚያ ሰሞን ኖታውን ሶፋ ላይ ተቀምጠሽ አንብቢ፤ በቃል የሚያዘው በጣት ብቻ አይደለም።

ገንዘቡም እንደሚወራው አይደለም። ከሚከፈልሽ ላይ ወኪሉ ድርሻውን ይወስዳል፤ ውጭ አገር ስትጫወቺ ግብሩ ገና ከመነሻው ሊቆረጥ ይችላል፤ የአውሮፕላን ትኬቱና ሆቴሉ ብዙ ጊዜ ከራስሽ ኪስ ነው። የወኪሉ ድርሻ የሚሰላው ከጠቅላላው ነው ወይስ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ? ብትታመሚ ምን ይሆናል? ውሉ ለስንት ዓመት ያስርሻል፣ እንዴትስ ትወጪያለሽ? እነዚህን በጽሑፍ ጠይቂ፤ በስልክ የተባለ ነገር ሲካካዱ አይገኝም። ከመፈረምሽ በፊትም ጠበቃ ያንብበው፤ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ይሉኝታ ካልኩ ዘንድ፣ ከወኪሉ ይልቅ የሚከብድሽ የእኛው ሰው ነው። የእማዬ ጓደኛ ልጇን ስትድር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ሲያሰባስብ፣ ኮሚዩኒቲው እንቁጣጣሽን ሲያከብር «የእኛ ልጅ ትጫወትልን» ይባላል፤ የሚቀርብልሽ ደግሞ ቁልፉ የጎደለ ኪቦርድ ነው። ሁሉንም እምቢ አትበዪ፤ ገና ስምሽን ማንም ሳያውቅ ያጨበጨቡልሽ እነሱ ናቸው። በዓመት አንድ ቀን ምረጪ፣ ደህና ፒያኖ ያለበት አዳራሽ ይከራዩ፣ ከልብሽ ተጫወቺላቸው። ለቀረው «ትልቋን አነጋግሩ» ብለሽ ወደ እኔ ላኪያቸው። ክፉ ብባል ግድ የለኝም።

ውድድር ብቸኛው በር እንዳይመስልሽ። ሚሺጋን ውስጥ ከላማዙ ከተማ ያለው የጊልሞር ሽልማት ማመልከቻም መድረክም የለውም፤ መራጮቹ ሳይታወቁ በየኮንሰርቱ ተቀምጠው ያዳምጡና በየአራት ዓመቱ ለአንድ ፒያኒስት 300,000 ዶላር ይሰጣሉ። ግማሹ ባዶ በሆነ አዳራሽ ስትጫወቺም ማን እንደተቀመጠ አታውቂም ማለት ነው። በዕድሜ ከሆነ ጭንቀትሽ፣ ጋሽ ግርማ ይፍራሸዋ ፒያኖን የተዋወቀው በ16 ዓመቱ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ሶፊያ ሄዶ ተማረ፤ የራሱን ድርሰቶችም በውጭ መድረኮች እስከማቅረብ ደረሰ።

እንግዲህ ለወኪሉ መልሱን ዛሬ ጻፊ። አጭር ይሁን፦ ሁለቱን ኮንቼርቶዎች በደስታ እቀበላለሁ፣ የቀሩትን ለከርሞ እንነጋገርባቸው፣ ከመፈረሜ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሱልኝ። ይቅርታም ማብራሪያም አትጨምሪበት። ደህና ወኪል ከሆነ አቅሟን የምታውቅ ልጅ አገኘሁ ብሎ ይደሰታል፤ ካኮረፈ ደግሞ ከፊርማ በፊት ማኮረፉ በጀሽ።