ትምህርት ዐሥራ አራት፦ ወደ ምዕራብ የተደረገው ሰፈራ

ሀ. ምንባብ

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጽሞና አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ «ይህን ድርጊት የፈጸመው ማን ነው?» እያላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ አሜሪካውያንና ከአውሮፓ የፈለሱ ሰዎች መሬት ፍለጋ ወደ ምዕራብ ተጓዙ። ከሚዙሪ እስከ ኦሪገን ያለው መንገድ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በሬዎች በሚስቡት ሠረገላ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጅ ነበር። ሠረገላውን ስንቅና ዕቃ ስለሚሞላው አብዛኛው ሰው በእግሩ ይሄድ ነበር። ኮሌራም ብዙዎችን በመንገድ አስቀረ።

እ.ኤ.አ. በ1862 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን የሰፈራ መሬት ሕግን ፈረሙ። በሕጉ መሠረት 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት ለሰፋሪዎች ተሰጠ። ሰፋሪው ቤት ሠርቶና መሬቱን አርሶ አምስት ዓመት ከኖረበት የግል ንብረቱ ይሆንለት ነበር። እንደ ካንሳስና ነብራስካ ባለው ሜዳማ አገር ዛፍ ብርቅ ስለ ነበረ፣ ሰፋሪዎች አፈሩን ከነሣሩና ከነሥሩ እንደ ጡብ እየቈረጡና እየደረደሩ ቤት ሠሩ። ዝናብ ሲጥል ጣራው ያፈሳል፤ እንጨት ስለማይገኝ ማገዶአቸው ኩበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ ሰብላቸውን አወደመ። አምስቱን ዓመት መጨረስ ተስኗቸው መሬቱን ጥለው የሄዱት ብዙዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ምድሩ ባለቤት ያልነበረው ባዶ ምድር አልነበረም። ከሕጉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839 ዓ.ም.፣ የቸሮኪ ሕዝብ በደቡብ ምሥራቅ ከሚገኘው አገሩ ተፈናቅሎ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ወዳለው ምድር ተወሰደ። በዚህ ምክንያት 4,000 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል። ላኮታን የመሳሰሉ የሜዳው ሕዝቦች ደግሞ ምግባቸውንም ልብሳቸውንም ድንኳናቸውንም የሚያገኙት ከጎሽ ነበር። በመቶ ዓመቱ መጀመሪያ በብዙ ሚሊዮን ይቈጠር የነበረው ጎሽ በ1880ዎቹ መጨረሻ አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ቀረ። ጎሾቹ አለቁ፤ ሕዝቦቹም በተከለለ ቦታ እንዲኖሩ ተገደዱ።

ለ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

ባለቤቱ ድርጊቱን የፈጸመ መሆኑን የሚያሳይ ግሥ አድራጊ ይባላል። ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ የተፈጸመ መሆኑን የሚያሳይ ግሥ ደግሞ ተደራጊ ይባላል። ምሳሌ፦

የቸሮኪ ሕዝብ ከአገሩ ተፈናቀለ። (ተደራጊ)
የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት የቸሮኪን ሕዝብ ከአገሩ አፈናቀለ። (አድራጊ)

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት ናቸው። ነገር ግን በመጀመሪያው ውስጥ አፈናቃዩ አይታይም። «ጎሾቹ አለቁ» የሚለውንም ተመልከቱ፤ ግሡ ተደራጊ ባይሆንም ጎሾቹ በራሳቸው ጊዜ ያለቁ ያስመስላል። «ቆዳ ፈላጊ አዳኞች ጎሾቹን ፈጁ» ብንል ግን ፈጂው ይታወቃል።

ተደራጊ ግሥ ስሕተት አይደለም። አድራጊው በማይታወቅበት ወይም መጠቀሱ በማያስፈልግበት ጊዜ ተገቢ ነው። አድራጊው እየታወቀ ሲሰወር ግን አንባቢው ተጠያቂውን ያጣል። ስለዚህ ስለ ሰው መከራ ስትጽፉ አድራጊውን ከመተዋችሁ በፊት ምክንያታችሁን መርምሩ።

ማስገንዘቢያ፦ በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ተደራጊ አይደለም። «ሰፋሪዎች ተጓዙ» ስንል ተጓዦቹ ራሳቸው አድራጊዎች ናቸው።

ሐ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ አራት ተደራጊ ግሦችን አውጥታችሁ ጻፉ።
2. የሚከተሉትን ወደ አድራጊ ለውጡ፤ ባለቤቱን ከምንባቡ ፈልጉ።
   ሀ) መሬት ለሰፋሪዎች ተሰጠ።
   ለ) ሕጉ ተፈረመ።
   ሐ) ሰብሉ ተወደመ።
3. «መሬት ተሰጠ» የሚለው አነጋገር ከሰጪው ሌላ ማንን ይሰውራል? በሁለት ዓረፍተ ነገር መልሱ።

መ. ድርሰት

ሁለት አንቀጾች ጻፉ። በመጀመሪያው፣ በአፈር ቤት የሚኖር ሰፋሪ የአንበጣውን ዓመት ይተርክ። በሁለተኛው፣ ከአገሩ የተፈናቀለ ሰው ያንኑ ዘመን ይተርክ። የአንደኛው ድካም የሌላውን በደል እንዳይሸፍን፣ የሌላውም በደል የአንደኛውን ድካም እንዳያስረሳ ተጠንቀቁ። ስትጨርሱ ከእያንዳንዱ ተደራጊ ግሥ በታች አስምሩና አድራጊውን ለምን እንደ ተዋችሁት ለጓደኞቻችሁ አስረዱ።