ማሳው ርጥብ ሆኖ ቲማቲሙ ከጠወለገ
ለመስኖ ተጠቃሚ አርሶ አደሮች የቀረበ ምክር

ቲማቲም ሲጠወልግ አብዛኞቻችን የምንሮጠው ቦይ ለመክፈት ነው። ከዚያ በፊት ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ አፈሩን ጨብጡት። ርጥብ ሆኖ ከተያያዘ ማሳው ውሃ አለው ማለት ነው፤ ችግሩ ውሃው ወደ ቅጠሉ አለመድረሱ ነው።

ውሃውን ወደ ላይ የሚስበው በዋናነት ቅጠሉ ነው። በቅጠሉ ላይ፣ በተለይም በጀርባው፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉ። በእነሱ በኩል ውሃ ሲተን የጎደለው ከግንዱ ይተካል፤ የግንዱ ደግሞ ከሥሩ። ውሃ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ በግንዱ ውስጥ ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች እንደ ገመድ ሳይበጠስ ይጎተታል። ሥሩ ከሚስበው ውሃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው እንዲህ ተንኖ ይወጣል።

በቀትር ትነቱ ሥሩ ከሚያቀርበው ስለሚበልጥ ቅጠሉ ሊዝል ይችላል። አመሻሽ ላይ ከቀና አትስጉ። ማለዳም ካልቀና ግን ምክንያቱን ፈልጉ።

መረሬ አፈር ላይ ውሃ ከተኛ ሥሩ አየር ያጣል፤ አየር ያጣ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ይሳነዋል። ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠማል። ስለዚህ ውሃ አትጨምሩ፤ የተኛውን አጠንፍፉ። በሚቀጥለው ወቅት ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበን የባክቴሪያ አጠውልግ ነው። ተክሉ አረንጓዴ እንደሆነ ድንገት ይጠወልጋል፤ ባክቴሪያው ቱቦዎቹ ውስጥ ተራብቶ የውሃውን መንገድ ይደፍናል። በቤታችሁ መለየት ትችላላችሁ። ከግንዱ ግርጌ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ ንጹህ ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ የታችኛው ጫፉ ብቻ እንዲነከር በክር አንጠልጥሉት። ብርጭቆው አይነቃነቅ። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ነጭ፣ ክር መሰል ፈሳሽ ወደ ታች ከወረደ አጠውልግ ነው።

አንዴ የታመመውን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ለፀረ ፈንገስ ርጭት ገንዘባችሁን አታውጡ። ተክሉን ከነሥሩ ነቅላችሁ ከማሳው አርቃችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ቦይ ውስጥ ፈጽሞ አትጣሉት፤ በሽታው በመስኖ ውሃ ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። ዶማና ማጭዱንም ሳታጥቡ ወደ ጤነኛው መደብ አትግቡ። በዚያ ማሳ ላይ ድንች፣ በርበሬም ሆነ ቲማቲም መልሳችሁ አትትከሉ፤ ሦስቱንም ያጠቃል። ለተወሰኑ ዓመታት በቆሎ ወይም ስንዴ ዝሩበት፣ የድንች ዘርም ከበሽታ ነጻ ከሆነ ማሳ ብቻ ውሰዱ።